ከጉለሌ እስከ ሚኒስቴር፤ የአንዲት ሐኪም መንገድና የእኛ ዕዳ
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ ምሽት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ የተሰጠኝ ርእስ «የሴት ሐኪሞች ድርሻ» የሚል ነበር። ርእሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ርእስ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በምስጋናና በጭብጨባ ነው። ካጨበጨብን በኋላ ሁላችንም ወደየመኝታችን እንሄዳለን፤ በማግሥቱም ያው ፈተናችንን እናጠናለን። ስለዚህ እኔ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። በሕክምና ትምህርት ቤት እንዳለ ሰው ሌሊት ሌሊት የሚነዘንዘኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥሩ ሐኪም መሆን ብቻውን ይበቃል ወይ?

ጥያቄው የመጣብኝ ከመጽሐፍ አይደለም። ያደግሁት ከዚህ ግቢ ብዙም በማይርቀው በሽሮ ሜዳ በኩል ነው። ሽቅብ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ በማለዳ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎብጠው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች አሉ። ከነዚያ እናቶች አንዷ ጎረቤታችን ነበሩ። እኔ እትዬ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ነፍሰ ጡር ሆነው እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ጭራሮ ሲሸከሙ አይቻለሁ።

ምጥ የያዛቸው ሌሊት ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ሻማ እንድይዝ ተደረግሁ፤ ዕድሜዬም ገና 12 ዓመት ነበር። ሴቶቹ በዙሪያቸው ተቀምጠው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። አንዷ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትል ሌላዋ እስኪነጋ እንታገሥ ትላለች፤ ባልየው ደግሞ ለኮንትራት ታክሲ የሚከፈል ገንዘብ ፍለጋ በየጎረቤቱ በር ያንኳኳል። ገንዘቡ ሲገኝ ታክሲው ጠፋ፤ ታክሲው ሲገኝ ሌሊቱ ተጋመሰ። ከደረስንበት ቤት ደግሞ የነበረችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ሌላ ወላጅ ይዛ ነበር። በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እትዬ ተረፉ፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ሁለት ወር ሳይሞላ እትዬ እንደ ገና ወደ እንጦጦ ወጡ።

በዚያች ሌሊት ክፉ ሰው አላየሁም። ጎረቤቱ ሁሉ አዝኖ ሮጧል፤ ነርሷም እንደ ንብ ስትሠራ ነው ያነጋችው። ሁሉም ደግ ሆኖ ሳለ ሕፃኑ ለምን ሞተ? መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በክፍል ውስጥ ነው። የእናቶችን ሞት ያጠኑ ሊቃውንት ነገሩን በሦስት መዘግየቶች ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ለመወሰን መዘግየት ነው፤ «እስኪነጋ እንታገሥ» የሚለው ማለት ነው። ሁለተኛው ለመድረስ መዘግየት ነው፤ መንገዱ፣ መኪናው፣ ገንዘቡ። ሦስተኛው ደግሞ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ሲጽፉ እኔ የእትዬን ሌሊት በተራ በተራ ሲጽፉ ያየሁ መሰለኝ። ከሦስቱ መዘግየቶች ሐኪም በመርፌና በመቀስ ሊያሸንፈው የሚችለው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ባልደረባና አልጋ ካገኘ ነው።

እንግዲህ የጤና ፍትሕ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ፍትሕ ማለት ለሁሉ እኩል መስጠት ብቻ አይደለም። በሜዳ ላይ ለቆመውና በገደል ውስጥ ለወደቀው እኩል አንድ አንድ ክንድ ገመድ ብናድል፣ ለሜዳው ሰው ትርፍ ነው፤ ለገደሉ ሰው ግን ከምንም አይቈጠርም። የገደሉን ጥልቀት መለካት ያስፈልጋል።

ተለክቷልም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በአዲስ አበባ ከ100 ወሊዶች 97ቱ በጤና ተቋም የተፈጸሙ ነበሩ፤ በአፋር ግን 15 ብቻ። በከተማ 79፣ በገጠር 20። አንድ አገር፣ አንድ ሕግ፣ አንድ ሚኒስቴር፤ ነገር ግን እናቲቱ በተወለደችበት ቀበሌ ምክንያት ዕድሏ ይህን ያህል ይለያያል። አዲስ አበባም ብትሆን ለሁሉ አንድ አለመሆኗን ከሽሮ ሜዳ የመጣ ሰው ይነግራችኋል። ቁጥር አማካይን ያሳያል፤ ጭራሮ የተሸከመችውን ለይቶ አያሳይም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ሰው ልመለስ። ስለ ዶክተር ሊያ ታደሰ ልናገር ነው። ስማቸውን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ መንገዳቸውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ዶክተር ሊያ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት በጅማ ነው። ጅማ ከመጀመሪያው በ1970ዎቹ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቋቋም የራሱ የሆነ ሐሳብ ነበረው፤ ተማሪው ከሆስፒታል አጥር ውስጥ ብቻ እንዳይማር ወደ መንደር ይወጣል፤ ከልዩ ልዩ የጤና ሙያዎች የተውጣጡ ተማሪዎች በአንድነት ወደ ገጠር ይላካሉ፤ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃው የት እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ሞተ ቤት ለቤት ይቈጥራሉ። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው ያሰማራ ነበር። በዚህ ዩኒቨርሲቲም ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተብሎ አንድ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሠርተዋል። ያን ትውልድ ያስነሣው ንግግር ብቻ አልነበረም፤ ባላገሩን በዓይኑ ማየቱም ነበር።

ከጅማ በኋላ ዶክተር ሊያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅፀንና የጽንስ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆኑ። በዚህ መንገድ ከሳቸው በፊት የቀደሙ ሴቶች መኖራቸውን መዘንጋት አይገባም፤ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሐኪም ዶክተር ዊዳድ ኪዳነ ማርያም በሩን ሲከፍቱ ሴት ልጅ ሐኪም ትሆናለች ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጉለሌ የሚመጣው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ርዳታ ለድሆች ሕክምና እንዲውል የተሠራ ቤት ነው። ፓስተር ከምንለው ሠፈር አጠገብ ነው፤ ከክፍለ ሀገር በሌሊት አውቶቡስ የመጣ በሽተኛ ጋቢውን ተከናንቦ በአጥሩ ሥር ሲያነጋ አይታችኋል። በሚሌኒየሙ፣ ማለት በ2000 ዓ.ም.፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨመረበት፤ ስሙም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተባለ። ዶክተር ሊያ በዚህ ቤት ምክትል ፕሮቮስት ሆነው የሕክምናውን አገልግሎት መርተዋል።

ይህን ሹመት ዝቅ አድርጋችሁ አትመልከቱት። አንድ ስፔሻሊስት በቀዶ ጥገና ክፍል ሆና በቀን ጥቂት እናቶችን ታድናለች። የአገልግሎቱ ኃላፊ ስትሆን ግን ጥያቄዋ ይለወጣል፤ ሌሊት ስንት አዋላጅ ተረኛ ትሁን? ደም ባንኩ ባዶ ሲሆን ማን ይጠየቅ? ኦክስጅኑ የሚያልቀው ለምንድን ነው? ካርድ ክፍሉ ለምን ሰው ያጉላላል? እነዚህ ጥያቄዎች በመጽሔት አይታተሙም፤ ለሽልማትም አያበቁም። የእትዬ ልጅ የሞተው ግን እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች መልስ ባጡበት ቤት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላዋ ኢትዮጵያዊት ሐኪም በአሜሪካ ነበሩ፤ ዶክተር ሰናይት ፍሥሐ። ሰናይት በሳውዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናንም ሕግንም በአንድነት ተምረው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመካንነት ሕክምና ሊቅና ፕሮፌሰር ሆኑ። ሕክምናና ሕግ ለምን አንድ ላይ? በመሠረቱ ዛሬ ማታ የምናገረው ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። እርሳቸው ከሚሺጋን፣ የጳውሎስ ሰዎች ከዚህ ሆነው ሁለቱን ቤቶች አገናኙ። እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ሚሊዮን ዶላር ርዳታ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ የሥነ ተዋልዶ ጤና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ፤ ሥራውን ከጳውሎስ አስነሥቶ ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አስፋፋ፣ ኋላም ወደ ሩዋንዳ ተሻገረ። ዶክተር ሊያም ወደ ሚኒስቴሩ ከመግባታቸው በፊት የዚህ ሥራ መሪ ሆነው አገልግለዋል።

የማዕከሉ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከውጭ ሐኪም አምጥቶ ለሦስት ሳምንት በሽተኛ አሳክሞ መመለስ የቆየ ልማድ ነው፤ ሐኪሙ ሲሄድ ዕውቀቱም ይሄዳል። እዚህ ግን ገንዘቡ የዋለው የሕክምና ተማሪው፣ አዋላጇና ጀማሪው ስፔሻሊስት ከመመረቃቸው በፊት የቤተሰብ ምጣኔንና የእናቶችን ሕክምና በመደበኛ ትምህርታቸው ውስጥ እንዲማሩ ነው። መምህሩ ኢትዮጵያዊ፣ ክፍሉም ኢትዮጵያ ነው።

ዶክተር ሊያ በ2011 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ። መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት የሚኒስትርነት ሹመታቸው ጸደቀ። በማግሥቱ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። አንድ ቀን እንኳ ወንበሩን ለመላመድ አላገኙም። ምርመራው ይካሄድ የነበረው በዚሁ በጉለሌ፣ በጥንቱ ፓስተር፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽ ከ1,000 በላይ አልጋ ያለው የበሽተኞች ማቆያና ማከሚያ ሲሆን፣ ሥራውን የያዙት የጳውሎስ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ። በየቀኑ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንቱ ተያዘ፣ ስንቱ ሞተ የሚለውን ሚኒስትሯ በስማቸው ያወጡ ነበር። መጥፎውን ቁጥር ሳይሸፍኑ መናገር ራሱ አንድ ሕክምና ነው።

የዓለምን ፍትሕ ያየነውም በዚያ ጊዜ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ለሕዝባቸው ከሚበቃው በላይ ክትባት ሲያከማቹ ለእኛ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት የደረሰው በየካቲት 2013 ዓ.ም. ነው። ገመዱ እዚያም እኩል አልታደለም።

ከዚያ የባሰው ደግሞ በገዛ እጃችን መጣ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጤና ጣቢያዎችንና ሆስፒታሎችን አወደመ፤ አልጋው ተዘረፈ፣ መድኃኒቱ ተበተነ። ለእናቶች ሃያ ዓመት ሙሉ የተገነባው በወራት ፈረሰ። ሐኪም ስለ ሰላም ሲናገር ከሙያው ወጣ አይባልም። ጥይት የመታው አምቡላንስ ሁለተኛውን መዘግየት ለዘላለም ያደርገዋል።

ዶክተር ሊያ በ2016 ዓ.ም. ከሚኒስትርነት ተነሡ፤ በቦታቸውም ሌላዋ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ዶክተር መቅደስ ዳባ ተተኩ። ዶክተር ሊያ ከዚያ በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ልዩ አገሮች ሚኒስትሮች ስለ አመራር የሚማሩበትን ፕሮግራም በኃላፊነት ያዙ። ዶክተር ሰናይትም በ2009 ዓ.ም. ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከአፍሪካ የመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሲመረጡ የምርጫውን ዘመቻ የመሩ ናቸው።

አሁን በመኝታ ቤታችን የገጠመኝን ክርክር ላንሣ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንድ ጓደኛዬ ወረቀቴን አንብቦ «የባለ ሥልጣን ውዳሴ ነው» አለኝ። ደግሞም «ከነዚህ ሴቶች አንዷ በልጅነቷ አገር ለቃ የወጣች፣ ሌላዋም ኋላ የሄደች ናት፤ ሥራውስ በፈረንጅ ዶላር የተሠራ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ልሸሸው አልፈልግም።

ስለ ውዳሴው፤ ውጤቱ የአንድ ሰው ነው ብዬ ከሆነ ጓደኛዬ ልክ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 412 ሆነ። በጤና ተቋም የሚወለደውም በ1992 ከ100 አምስት ብቻ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰ። ይህን ያደረገ አንድ ሚኒስትር የለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች፣ ቦርሳቸውን አንግተው በእግራቸው ያመጡት ነው። መሪ ያልሁት የነዚህን ሴቶች ድካም ወደ በጀትና ወደ ደንብ ሊለውጥ የሚችለውን ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በዚህ ዓይነት ደንብ የተፈጠረ ነው። 

ስለ ዶላሩ ግን ጓደኛዬ አሸንፎኛል፤ ምክንያቱም በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ሲያቆም በርዳታው ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። በሰው ገንዘብ የተሠራ ቤት ቁልፉ በሰው እጅ ነው። ከዚያ የሚተርፈው በሰው ጭንቅላት ውስጥ የገባው ትምህርት ብቻ ነው። ስለዚህ ርዳታ ሲመጣ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ይሁን፤ ሲሄድ ምን ጥሎልን ይሄዳል?

ስለ መሄዱም በእውነት እንነጋገር። ከመካከላችን የውጭ አገር ፈተና የማያጠና የሕክምና ተማሪ ስንት ነው? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ጥያቄያቸው የቅንጦት አልነበረም። የቤት ኪራዩን መክፈል ያቃተውን ሐኪም «አገርህን ውደድ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ መፍትሔ ግን አይደለም። ስለዚህ የሚሄደውን አልኰንንም። ሆኖም የሁለቱ ሴቶች መንገድ አንድ ነገር ያስተምረኛል፤ ዕዳ በርቀት አይሰረዝም። የሄደችው ከሄደችበት መልሳ አመጣች፤ የቀረችው በቀረችበት ወንበር ሠራች። ከሁለቱም ያልሆነው፣ ሳይሄድም ሳይሠራም ልቡ ብቻ የተሰደደው ነው የሚያስፈራኝ። እኔ ራሴን እዚያ መካከል ሳገኘው የምደነግጥበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የጤና ጉዳይ የሕክምና ተማሪዎች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ሁለተኛው መዘግየት የመንገድ ነው፤ እርሱ የመሐንዲሶች ነው። የመጀመሪያው የውሳኔና የገንዘብ ነው፤ እርሱ የሕግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ነው። ማኅበሩ በሦስቱ መዘግየቶች ላይ ሁሉንም ፋኩልቲ የሚያሳትፍ አንድ የጥናት ቡድን ያቋቁም።

ሁለተኛ፤ በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት የሚሰጡ ፈቃደኞች ተመዝግበው በጉለሌ ካሉ ጤና ጣቢያዎች ጋር እንነጋገር። ከክፍለ ሀገር ለመጣ በሽተኛ ማስተርጎም፣ ካርድ ክፍል ማድረስ፣ ለመድኅኑ መመዝገብ ለማያውቁ ቤተሰቦች ማስረዳት እንችላለን። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሐኪሞች ደመወዝና ስለ ገጠር ምደባ የማኅበራችን አቋም በጽሑፍ ይውጣ፤ ግን በአንድ ገጽ ሁለቱም ወገን ይጻፍ፤ መንግሥት ለሐኪሙ ምን ይገባዋል፣ ሐኪሙስ ለአፋርዋ እናት ምን ይገባዋል።

በመጨረሻ፤ ባለፈው ገና ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ እትዬን አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ስለ ደከመ እንጦጦ መውጣት ትተዋል፤ አሁን ከሽሮ ሜዳ ባሕላዊ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ አጠገብ ቆሎ ይሸጣሉ። «ዶክተርነቱ አለቀ ወይ ልጄ?» አሉኝ። «ትንሽ ቀርቶኛል» አልኋቸው። እፍኝ ቆሎ ጨበጥ አደረጉልኝና «በል እንግዲህ፣ ስትጨርስ ተረኛ የሌለበት ሌሊት እንዳይኖር አድርግ» አሉኝ።

ስለ ሚኒስትርነት፣ ስለ ሚሺጋንም ስለ ሃርቫርድም የሚያውቁት ነገር የለም። የዚህን ምሽት ርእስ ግን ከእኔ በተሻለ ተናግረውታል።